ስለ ሙጫ ጌጥና ስለ ተሰነጠቀው የአምበር ዶቃ

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ልብስ አያያዝና ልጆችን ንባብ ስለ ማስለመድ ጽፈን ነበር። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን በቤታችን ውስጥ ከተጀመረ ስለ ሰነበተ አንድ የእጅ ሥራ ነው፤ ይኸውም ሬዚን ከሚባለው ፈሳሽ ሙጫ የአንገትና የጆሮ ጌጥ መሥራት ነው። ሥራው የእንጀራ ሥራ አይደለም፤ የዕረፍት ቀን ማሳለፊያ ነው። ቢኾንም በዚህ ማሳለፊያ ምክንያት የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ቀኝ እጅ ዐሥራ ስድስት ቀን ብዕር ሳይጨብጥ ቀርቶአል፤ ደግሞም በእናቱ አንገት ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ አንድ ዕቃ እውነተኛ ስሙ ታውቆአል። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ማውጋት የተሻለ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ሴት ልጄ አደይ አበባ ከሜዳ ለቅማ መጥታ በውኃ ብርጭቆ አኖረችው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፤ «አባባ፤ ይኸ አበባ ዓመት ጠብቆ መጥቶ በሳምንት መሄዱ ያሳዝናል፤ እንደ መስተዋት ባለ ነገር ውስጥ አግብተን በአንገት ብናንጠለጥለው ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። እኔም ቀልድ መስሎኝ «መልካም ነው» አልኋት። እርሷ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የእንጨት ጠረጴዛ ለሚያስጌጡ ሰዎች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ኹለት ጠርሙስ ገዝታ መጣች። ባንዱ ላይ ሬዚን፤ በኹለተኛው ላይ ማጠንከሪያ የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ከፍቼ ባሸተትኋቸው ጊዜ የፊተኛው ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የኹለተኛው ግን አፍንጫን ይሰነፍጣል። ይኸ መሰንፈጥ ማስጠንቀቂያ መኾኑን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

በአማርኛችን ከዛፍ የሚፈስሰውን ነገር ኹሉ ሙጫ እንለዋለን፤ ነገር ግን ዐይነቱ ኹለት ነው። አንደኛው በውኃ የሚሟሟ ነው፤ የግራር ሙጫ እንዲህ ያለ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ቀለሙ ብራናውን እንዲይዝ ይጨምሩበት የነበረው እርሱን ነው። ኹለተኛው በውኃ የማይሟሟ፤ በአልኮል ግን የሚለቅቅ፤ እሳት ሲነካው ለስልሶ መዓዛ የሚሰጥ ነው፤ ፈረንጆች ሬዚን የሚሉት ይኸን ነው። ዕጣንና ከርቤ የኹለቱን ባሕርይ አጣምረው የያዙ ናቸው። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎችም ሳናውቀው ከዚህ ነገር ጋራ ጎረቤቶች ነን፤ ደብዳቤ ይታሸግበት የነበረው ቀዩ የማኅተም ሰም ስሙ ሰም ይባል እንጂ ዋናው ነገሩ ላክ የሚባል ሙጫ ነው፤ ላክም በህንድ አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች የሚገኝ ነው።

ሊዮ ቤክላንድ የተባለ፤ በቤልጅግ አገር ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ የኬሚስትሪ ሊቅ ለዚህ ለላክ ምትክ ሲፈልግ ሳለ፤ በፈረንጆች ቍጥር በ1907 ፌኖልና ፎርማልዴሂድ የሚባሉትን ነገሮች አዋሕዶ፤ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ እሳት የማያቀልጠው አዲስ ሙጫ አወጣ፤ በስሙም ባክላይት ተባለ። ይኸ ስም ወደ ታች ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው። ልጄ ያመጣችው ግን ከዚህ በኋላ የመጣ፤ ኢፖክሲ የሚባለው ዐይነት ነው። እርሱንም በፈረንጆች ቍጥር በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ፒየር ካስታን የተባለ የስዊስ ሊቅ ለጥርስ ሐኪሞች የሚኾን ነገር ሲመረምር አገኘው፤ በ1946ም ሲባ የተባለው የስዊስ ኩባንያ አራልዳይት በሚል ስም ለማጣበቂያ አቀረበው። ለጥርስና ለብረት የታሰበው ነገር ዛሬ በየቤቱ አበባ ይታሰርበታል።

ከዚህ ነገር ሥራ ዋናው ቍም ነገር አንድ ነው። የግራር ሙጫ የሚጠነክረው ውኃው ሲተን ነው። ኢፖክሲ ግን አይደርቅም፤ ኹለቱ ፈሳሾች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ሌላ ሦስተኛ ነገር ይኾናሉ እንጂ። ስለዚህ ከኹለቱ አንዱ ከልኩ ቢተርፍ የሚያያዘው ባልንጀራ አያገኝም፤ ጌጡም ወር ቢቈይ፤ ዓመት ቢቈይ እንዳጣበቀ ይቀራል። «ትንሽ ይጨመርበትና ይጠነክራል» ብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ነገሩን ያበላሸዋል እንጂ አይረዳውም።

እኛ ግን የመጀመሪያውን ቀን በዐይን ልክ ቀላቀልን። ባለቤቴ «ወጥ አይደለም፤ በዐይን አይኾንም» ብላን ነበር። በማግስቱ ልጄ ጣቷን ብታስነካው ጣቷ ተያዘ፤ በሳምንቱም እንዲሁ ነበረ፤ ጌጡን ከነአበባው ጣልነው። ከዚያ ወዲህ በሚዛን መሥራት ጀመርን፤ በዚህም ደግሞ ተሳሳትን። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ኹለት እጅ ሬዚን ባንድ እጅ ማጠንከሪያ የሚለው በስፍር ነበር፤ እኛ ግን በክብደት አደረግነው። ኹለቱ ፈሳሾች በክብደት እኩል አይደሉም፤ ሬዚኑ ከማጠንከሪያው ይከብዳል፤ ስለዚህ የስፍር ልክ በሚዛን ሲደረግ ማጠንከሪያው ይበዛል። በጠርሙሱ ላይ በስፍር ከተባለ በስፍር፤ በክብደት ከተባለ በክብደት ማድረግ ግድ ነው። ደግሞ ለአንድ ትንሽ ጌጥ ብሎ ጥቂት ጠብታ መቀላቀል አይበጅም፤ የሚቀላቀለው እጅግ ሲያንስ የአንድ ጠብታ ስሕተት ትልቅ ይኾናልና። ከኻያ ግራም በታች አለመቀላቀል ይሻላል፤ የተረፈውን በሌላ ማፍሰሻ ቅርጽ አግብቶ ለጉትቻ ማድረግ ይቻላል። በአንጻሩም ብዙ ቀላቅሎ በኩባያ ውስጥ ማቈየት አደገኛ ነው፤ ሲያያዝ ከራሱ ሙቀት ይወልዳል፤ ከበዛ ይጤሳል፤ ኩባያውንም ያቀልጣል።

በሦስተኛው ጊዜ ልኩ ትክክል ኾነ፤ አበባው ግን ከዳን። ያገባነው ትኵሱን ስለ ነበረ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ኾነ፤ ዙሪያውም እንደ ጉም ደፈረሰ። ርጥበት የዚህ ሙጫ ጠላቱ ነው። ከዚህ በኋላ አበባውን ኹለት ፊት በሚመጥጥ ወረቀት ሸፍነን ከከባድ መጽሐፍ በታች ሦስት ሳምንት አቈየነው። በቤታችን ካለው መጽሐፍ ኹሉ የከበደው የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ኾኖ ስለ ተገኘ እርሱ ለዚህ አገልግሎት ዋለ፤ አዋጆቹም አልተጎዱም። እንዲህ የደረቀ አደይ ቢጫው ጥቂት ይጠቍራል እንጂ አይጠፋም።

አረፋውም ብዙ አስቸገረን። ለዚህ መድኀኒቱ የሬዚኑን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቆ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ማቆም፤ ከዚያም ውጪውን በሚገባ ማድረቅ ነው፤ ሙጫው ይቀጥናል፤ አየሩም ይወጣል። ሲቀላቀል በዝግታ፤ ጎንና ጎኑን እየፋቁ ሦስትና አራት ደቂቃ ያኽል ማማሰል፤ ወደ ሌላ ንጹሕ ኩባያ ገልብጦ ደግሞ ጥቂት ማማሰል። ሲፈስስ እንደ ክር አቅጥኖ ማፍሰስ። በመጀመሪያ ስሱን ንጣፍ አፍስሶ እስኪረጋ መጠበቅ፤ ከዚያም አበባውን አስተኝቶ በላዩ ኹለተኛውን ማፍሰስ፤ ያለዚያ አበባው ተንሳፍፎ ወደ ጫፍ ይወጣል። የቀሩትን ጥቃቅን አረፋዎች በስቴኪኒ ጫፍ መውጋት ነው። የማፍሰሻው ቅርጽ ከሲሊኮን የተሠራ ቢኾን ጌጡ ሳይጣበቅ በቀላሉ ይወጣል። በአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ስለሚኾን ሥራው በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ይዘገያል፤ ለመንካት አንድ ቀን፤ ፈጽሞ ለመጠንከር ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ለማፍጠን ብሎ ወደ እሳት ማስጠጋት አይገባም። በካርቶን ከድኖ ሞቅ ባለ ክፍል ማኖር ይበቃል፤ ክዳኑም ከአቧራ ይጠብቀዋል፤ እኛ ይኸን እስክንማር ድረስ በያንዳንዱ ጌጥ ውስጥ የድመታችን ጠጕር ይታይ ነበር።

ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከሸካራው ከ400 ቍጥር ጀምሮ እስከ 2000 ድረስ እየለወጡ መፈግፈግ ነው። ይኸ ኹልጊዜ በውኃ እያረጠቡ ይደረግ፤ ደረቁን ቢፈገፈግ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ይገባልና፤ አፍና አፍንጫንም መሸፈን ይገባል። መንጠቆውን ከብር አንጥረኛ ማሠራት ጌጡን ያከብረዋል።

አኹን ወደ እጄ ነገር እመለሳለሁ። ልጄ ከጠርሙሱ ጋራ ጓንት አምጥታ ነበር፤ እርሷም ታጠልቅ ነበር። እኔ ግን ጓንት ማጥለቅ ለሐኪም እንጂ ለሙጫ አይደለም ብዬ በባዶ እጄ ሠራሁ፤ ጣቴ ሲቆሽሽም በአልኮል በራሰ ጥጥ እጠርገው ነበር። ሦስት ወር ምንም አላገኘኝም፤ ይኸም ይበልጥ አደፋፈረኝ። በጥር ወር በጣቶቼ መካከል ማሳከክ ጀመረኝ፤ በኋላም እጄ ቀላ፤ ትናንሽ ውኃ የቋጠረ ነገር አወጣ፤ አንድ ቀን ጧትም የዐይኔ ቈብ አብጦ ተነሣሁ። ሐኪሙ «ምን ትነካለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ወረቀትና ቀለም» አልሁት። ባለቤቴ ናት ከኋላዬ ኾና ስለ ጠርሙሶቹ የነገረችው።

ሐኪሙ የነገረኝን አንባቢዎች እንዲያውቁት እጽፈዋለሁ። ኢፖክሲ ሳይጠነክር ቆዳን ሲነካ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አያቃጥልም። ነገር ግን ቆዳው ነገሩን ቀስ በቀስ ይመዘግበዋል፤ ባንድ ቀንም እንደ ጠላት ይቈጥረዋል፤ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ አይፋቅም። ይኸ ከኾነበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጥቂት እንኳ ቢነካው ሕመሙ ይመለሳል። በአልኮል መጥረግ ደግሞ ሙጫውን ወደ ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነው፤ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ይገባ ነበር። ጓንቱም ናይትራይል የሚባለው ዐይነት ይኹን፤ ሙጫ የነካውንም ቶሎ መለወጥ ነው። መስኮት ከፍቶ መሥራትና ሕፃናትን ማራቅ የታወቀ ነው። ፈጽሞ የጠነከረውን ጌጥ ማድረግ ግን በአብዛኛው አይጎዳም፤ ጉዳቱ ያለው በፈሳሹና ባልበሰለው ነው።

ዐሥራ ስድስት ቀን እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጥሁ። በመዝገብ ቤት የሥራ ባልንጀራዬ በእኔ ፈንታ ጻፈ፤ ስለ እርዳታው አመሰግነዋለሁ፤ ስለ እጅ ጽሕፈቱ ግን ዝም ማለት ይሻለኛል። ሌላ የእጅ ሙያ የሌለው ሰው ጣቶቹ አልታጠፍ ሲሉት ምን እንደሚያስብ ጸሐፊ የኾነ ኹሉ ያውቀዋል። እጄ ከዳነ በኋላም ወደ ሙጫው መመለስ ተከለከልሁ፤ ልጄ ስትሠራ በበሩ ደጃፍ ቆሜ የሚዛኑን ቍጥር ማንበብ ብቻ ቀረልኝ።

በዚሁ ዓመት በሚያዝያ ወር የእናቴ የአምበር ሐብል ክሩ ተበጥሶ ከደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሐብሉ ሰባት ዶቃዎች ያሉት ነው፤ ስድስቱ እንደ ዋልያ ዐይን ትልልቅ፤ አንዱ ትንሽና ደብዛዛ። ከትልልቆቹ አንዱ በቀዳዳው መሥመር ኹለት ኾኖ ተሰነጠቀ፤ ከጫፉም ጥቂት ጠፋ። እናቴ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐብሉን ከእናታቸው ተቀብለው ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ሲያደርጉት ኖረዋል። ምንም አልተናገሩም፤ ዶቃዎቹን ለቅመው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ወደ ክፍላቸው ገቡ። አንድ አንጥረኛ ዶቃውን በብር ቀለበት አስሮ ሊጠግነው እንደሚችል ነገረን፤ እንዲህ የተጠገነ የአምበር ዶቃ በገበያ ይታያልና። እናቴ ግን «ብር የታሰረበት እንደ ሆነማ ቍስል ያሰረ ሰው ይመስላል» ብለው እንቢ አሉ። ያን ጊዜ ልጄ «እማማ፤ እኔ ልሞክረው» አለች።

እዚህ ላይ እኔ ከለከልሁ። ሙጫው አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም፤ ስለዚህ የሚገባበት ነገር ምን እንደ ኾነ አስቀድሞ ይታወቅ አልሁ። አምበር ራሱ ሙጫ ነው፤ በባልቲክ ባሕር ዳር የሚገኘው ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ግድም በምድር ውስጥ የኖረ የዛፍ ሬዚን ነው። በሱፍ ሲታሽ ገለባና የወረቀት ቍራጭ ይስባል፤ የኤሌክትሪክ ስም የወጣውም ጽርኦች አምበርን ኤሌክትሮን ይሉት ስለ ነበረ ነው። ደግሞም ቀላል ነው፤ በተራ ውኃ ይሰጥማል፤ ጨው በበዛበት ውኃ ግን ይንሳፈፋል። በአንድ ሊትር ውኃ 250 ግራም ጨው አሟሙቶ ዶቃውን መጣል ነው፤ ባክላይትና ብርጭቆ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አምበር ከላይ ይቀራል። በመርፌ አግሎ መውጋትም መመርመሪያ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ዕቃውን ያበላሻልና ማንም አያድርገው።

እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጧት ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ ዶቃዎቹን አወጣሁ፤ ይኸን በማድረጌ ዛሬም አላመሰግንም። ልጄ ጓዳ ውስጥ ጨውዋን መዝና አዘጋጀች። የተሰነጠቀውን ግማሽ ብንጥለው ሰጠመ። ኹለተኛውን ብንጥል ሰጠመ። ሦስተኛው፤ አራተኛው፤ ኹሉም በድስቱ ግርጌ ተደረደሩ። ትንሹና ደብዛዛው ብቻ በውኃው ላይ ቀርቶ ይዞር ጀመር። ኮፓል የሚባለው ዕድሜው ያነሰ ሙጫም ይንሳፈፋልና፤ ልጄ ጓንት አጥልቃ አንድ የአልኮል ጠብታ ብታኖርበት አልተጣበቀም፤ በባና ብታሸውም የወረቀት ቍራጭ አነሣ። እንግዲህ ከሰባቱ አንዱ አምበር፤ ስድስቱ የፋብሪካ ሙጫ ናቸው። በፈረንጆች ቍጥር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት በአውሮፓ ከባክላይት ዘር የኾነ ዶቃ አምበር እያስመሰሉ እየሠሩ ወደ አፍሪካ ገበያ ይልኩት ነበር፤ ይኸ ዶቃ በቈየ ቍጥር ቢጫው ወደ ቀይ እየጠቈረ ስለሚሄድ ከአምበሩ ይልቅ አምበር ይመስላል።

ልጄ «አባባ፤ ለእማማ አይንገሩባቸው» አለችኝ። ባለቤቴም እንደ እርሷ አሰበች። ነገሩ የልብ ማዘን ብቻ ቢኾን እኔም ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን እናቴ በሕይወት ሳሉ ንብረታቸውን አካፍለዋል፤ የወርቁን ሎቲ ለታናሽ እኅቴ ልጅ፤ የአምበሩን ሐብል ለእኔ ልጅ ሰጥተዋል። ሎቲው ቀላል ነው፤ እኅቴም በዚያን ጊዜ ጥቂት ቅር ብሏት ነበር። በመዝገብ ቤት ስንት የውርስ ዝርዝር አይቻለሁ፤ ክርክር የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በተሰረቀ ዕቃ አይደለም፤ ማንም ሳይመዝነው ስም በተሰጠው ዕቃ ነው። የማውቀውን ሰውሬ የእኅቴን ቅሬታ ብመለከት ለሌላው ሰው መዝገብ የምታመን፤ ለራሴ ቤት ግን የማልታመን መኾኔ ነው።

ስለዚህ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ ዶቃዎቹን በሳሕን አቅርቤ እንደ ተደረገው ነገርኋቸው። እናቴ ሳሕኑን አይተው «የተንሳፈፈው የትኛው ነው?» አሉ። ትንሹን አሳየኋቸው። «እርሱማ የአያቴ ነው» አሉ። «እናቴ አንድ ዶቃ ብቻውን አንገት አይሞላም ብላ ሌሎቹን ከባቲ ገበያ በጠገራ ብር ገዛቻቸው። ነጋዴው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው አላት እንጂ አምበር ነው አላላትም። አምበር ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» ያን ጊዜ አሰብሁት፤ እውነትም እናቴ ኹልጊዜ «ዶቃዬ» ይሉ ነበር እንጂ አምበር ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ስሙን ያወጣነው እኛ ልጆቹ ነን። ሳልጠይቅ ማውጣቴን ግን አልዘነጉም፤ «የሰው ቋጠሮ ፈትቶ መመርመር በፍርድ ቤት ነው የተማርኸው?» ብለው ገሠጹኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና ወረቀትና ብዕር እንዳመጣ አዘዙኝ። ትንሹ አምበር ለእኅቴ ልጅ ከሎቲው ጋራ ይሰጥ፤ ስድስቱ ለልጄ ይኹኑ አሉ። ልጄ ጥቂት ከፋት፤ አልሸሸገችውም፤ ከሰባቱ ትወደው የነበረው እንኳን ትንሹ አልነበረም፤ እውነተኛው እርሱ መኾኑን ካወቀች ወዲህ ግን ወደደችው። እኔም በዳነው እጄ «ስድስት የፋብሪካ ሙጫ ዶቃዎች፤ ከእነዚህም አንዱ የተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍሁ። እናቴ ሲነበብላቸው «የተሰነጠቀ አትበል፤ የተጠገነ በል» አሉ። ገና አልተጠገነም ብላቸው «እርሷ ትጠግነዋለች» አሉና ልጄን አዩአት።

ጥገናው ኹለት ቅዳሜ ፈጀ። የመጀመሪያው ችግር ቀለሙ ነበረ፤ የጠፋውን ጫፍ በጥርት ሙጫ ብንሞላው እንደ መስተዋት ይለያል። ልጄ እርድ ጨምራ ሞከረችው፤ ቀለሙ እጅግ አማረ፤ ነገር ግን የሙከራውን ቍራጭ በመስኮት ላይ ብናኖረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፀሓይ አነጣው። በኋላ ቢጫ አፈር አድርቃ፤ ፈጭታና በጨርቅ ነፍታ ከስቴኪኒ ጫፍ የማይበልጥ ጨመረች፤ ይኸ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ሙጫው ራሱ ግን ፀሓይ ሲበዛበት እንደሚቢጥ መታወቅ አለበት፤ ለዶቃችን ይኸ ጉዳት አልኾነም።

ኹለተኛው ችግር የክሩ ቀዳዳ ነው። ሙጫው ከገባበት ቀዳዳው ይደፈናል፤ በመሰርሰሪያ መክፈትም ዶቃውን እንደ ገና ይሰነጥቀዋል። እዚህ ላይ ሙጫ በሰም ላይ እንደማይጣበቅ ትዝ አለኝ። ከቤት ጧፍ ቈርጠን በቀዳዳው አሳለፍን፤ ክር በሰም የተለበጠ ነውና እንደ ተሠራለት ኾኖ ገጠመ። ልጄ የስንጥቁን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክራ፤ አጥባና አድርቃ፤ ኹለቱን ግማሾች ቀብታ ገጠመቻቸው፤ በክር አስራም በላስቲክ በተሸፈነ አሸዋ ላይ አቆመችው። እኔ ከደጃፍ ቆሜ የሚዛኑን ቍጥር ጮኼ አነበብሁ። በአራተኛው ቀን ጧፉ ተስቦ ወጣ፤ ቀዳዳውም ክፍት ኾኖ ቀረ። ሲለሰልስ ሥንጥቁ እንደ ፀጕር ቀጥኖ ይታያል፤ ፈጽሞ አልጠፋም።

ሐብሉ በአዲስ ክር ሲሰካ እናቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ስድስቱን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ በአራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኸ ነው» አሉ፤ ልክ ነበሩ። ከዚያም ተነሥተው ከመደርደሪያው ላይ ጆሮው የተሰበረ ሲኒ ይዘው መጡ። ይኸን ግን አይኾንም አልኋቸው፤ ይኸ ለጌጥ የሚኾን ሙጫ ትኵስ ነገር ሲነካው ይለሰልሳል፤ ለሚበላበትና ለሚጠጣበት ዕቃም የታሰበ አይደለም። እናቴ ልጄን ጠየቁአት፤ እርሷም እንደ እኔ አለች። ሲኒው ከነጆሮው ተመልሶ ወደ መደርደሪያው ወጣ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ።